ከአዳማ ተነስቶ ወደ ባዮኢነርጂ ምርምር፦ ለምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዝርዝር መመሪያ

ይህ ጽሑፍ አዳማ ወይም ዙሪያዋ ሆናችሁ በሜካኒካል፣ በኬሚካል ወይም በኢነርጂ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለጀመራችሁና «ከባዮማስ (ለኃይል ከሚውል የተክልና የእንስሳት ተረፈ ምርት) ጋር የተያያዘ ነገር ልሥራ» ለምትሉ ነው። ጥሬ ዕቃ ከመምረጥ ይነሳና በፕሮፖዛል፣ በናሙና፣ በላቦራቶሪና በጽሑፍ አልፎ እስከ ሥራና ሦስተኛ ዲግሪ ይደርሳል። ሰፊውን ቦታ የያዘው ልኬት ነው፤ ሆን ብዬ ነው እንዲያ ያደረግሁት። በዚህ ዘርፍ ተማሪውን የሚያስቀጥረውም ለዶክትሬት የሚያስመርጠውም የርዕሱ ስፋት አይደለም። ተጠይቆ የሚያስረዳው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቢሠራው የሚያገኘው ቁጥር ነው።

1. ርዕስ ከመጻፋችሁ በፊት ጥሬ ዕቃ ምረጡ

አዳማ ሆኖ ስለ ታዳሽ ኃይል የሚያስብ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ኮረብታው ላይ በቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ላይ ነው። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ያምራሉም። ግን ለማስተርስ ተማሪ ተርባይን ፈትቶ እንዲሞክር የሚፈቅድለት የለም። ቢበዛ የነፋስ መረጃ ይሰጠዋል፣ እሱም ደብዳቤው ከተሳካ። ባዮማስ ግን በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ሄዳችሁ በማዳበሪያ ሞልታችሁት የምትመለሱት ነገር ነው።

በቅርብ ያለውን እንቁጠር። በደቡብ በኩል ወንጂ አለ፤ የአገራችን ዘመናዊ የስኳር ኢንዱስትሪ በ1954 እ.ኤ.አ. በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የተጀመረበት። አንድ ቶን አገዳ ሲጨመቅ በግምት ከ250 እስከ 300 ኪሎ እርጥብ ባጋስ (የተጨመቀው አገዳ ገለባ)፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሞላሰስ (ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ዝልል)፣ በላዩ ላይ ደግሞ ፊልተር ኬክ (ጭማቂው ሲጣራ የሚቀረው ዝቃጭ) ይተርፋል። በምሥራቅ በኩል ያለው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰሱን ኢታኖል የሚያደርግበት ፋብሪካ አለው። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ቪናስ የሚባል ጥቁር ፍሳሽ አብሮ ይወጣል፤ ለባዮጋዝ ጥሩ መኖ ነው፣ ለወንዝ ግን መርዝ። አዳማ ዙሪያ ለውጭ ገበያ ሰንጋ የሚያደልቡ ማድለቢያዎች አሉ፣ እበታቸው ክምር ነው። ቄራው ፈርስና ደም ይጥላል። ቆቃ ላይ እንቦጭ አለ። ከመኸር በኋላ ደግሞ የጤፍና የገብስ ጭድ።

አሁን ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ከላይ የዘረዘርኳቸውን «ማንም የማይፈልጋቸው ቆሻሻዎች» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ባጋሱን ፋብሪካው ራሱ ቦይለሩ ውስጥ ያነደዋል፤ እንፋሎቱም መብራቱም ከዚያ ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ ለጭቃ ቤት ምርጊትም ከጭቃ ጋር ይቦካል። እበት ኩበት ሆኖ ይሸጣል፣ ማዳበሪያም ይሆናል። ባለቤት የሌለው ተረፈ ምርት በዚህ አገር ብርቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ይህ ነገር ኃይል ይሰጣል ወይ?» መሆን የለበትም፤ ይሰጣል፣ የታወቀ ነው። «አሁን ከሚውልበት ጥቅም ላይ ብንወስደው የተሻለ ዋጋ ያወጣል ወይ? ለማን?» የሚለው ግን ገና በደንብ ያልተሠራበት ጥያቄ ነው።

እንቦጭን በተለይ ልጥቀስ፣ ተማሪ ሁሉ ስለሚወደው። ትኩስ እንቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። መቶ ኪሎ ጭናችሁ ስትመጡ ደረቁ ነገር አሥር ኪሎ አይሞላም። ፀሐይ ላይ ማድረቂያ ቦታ፣ ሠራተኛና ጊዜ ካላሰባችሁ የብሪኬት (የተጠቀጠቀ ማገዶ) ዕቅዳችሁ ከሐይቁ ዳር አይርቅም። ለባዮጋዝ እርጥበቱ ችግር አይደለም፤ እዚያም ግን ማብላያው (ባዮጋዙ የሚመረትበት ዝግ ገንዳ) ሐይቁ አጠገብ መሆን አለበት።

2. በአንድ ገጽ ላይ ሒሳብ ሥሩ

ፕሮፖዛል ከመጻፍ በፊት፣ ከአማካሪ ጋርም ከመቀመጥ በፊት፣ በእርሳስ የሚሠራ ሒሳብ አለ። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልውሰድ።

500 ሰንጋ ያለው ማድለቢያ አለ እንበል። ከአንድ ሰንጋ በቀን በትክክል ሊሰበሰብ የሚችለው እበት 10 ኪሎ ነው ብለን እንነሳ፤ ከብቱ ከዚያ በላይ ይጥላል፣ የሚረጋገጠውና የሚደርቀው ግን ብዙ ነው። በቀን 5,000 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ትኩስ እበት 35 ሊትር ያህል ባዮጋዝ ቢገኝ በቀን 175 ሜትር ኩብ። 60 በመቶ ሚቴን ያለው ባዮጋዝ በሜትር ኩብ ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሙቀት ኃይል ይይዛል፤ ስለዚህ 1,050 ኪሎ ዋት ሰዓት። 30 በመቶ ቅልጥፍና ባለው ሞተር ወደ ኤሌክትሪክ ስንለውጠው 315 ኪሎ ዋት ሰዓት። ለ24 ሰዓት ሲካፈል 13 ኪሎ ዋት።

አምስት መቶ ሰንጋ፣ አሥራ ሦስት ኪሎ ዋት። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ግን ይህች ቁጥር መልካም ዜና ናት፤ ርዕሳችሁን አስተካክላ ትሰጣችኋለች። «ለአዳማ ከተማ ኤሌክትሪክ ማቅረብ» የሚለው ይወጣል፤ «የማድለቢያውን የውሃ ፓምፕና የመኖ መፍጫ በራሱ እበት ማሠራት» የሚለው ይገባል። ሁለተኛው ሊለካ፣ ሊሠራ፣ ባለቤቱም ገንዘቡን ሊያወጣበት የሚችል ነው።

ሒሳቡ ውስጥ የገመታችሁትን ሁሉ አስምሩበት። 10 ኪሎው፣ 35 ሊትሩ፣ 60 በመቶው፣ 30 በመቶው። ከእነዚህ ውስጥ ውጤቱን ይበልጥ የሚያወዛውዘውና እዚህ አካባቢ በጥንቃቄ ያልተለካው የቱ ነው? ቴሲሳችሁ እሱ ነው።

3. አማካሪ

አጭር ምክር ብቻ አለኝ። ስሙ ከገነነ ነገር ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ከሆነ አማካሪ፣ ላቦራቶሪ ቁልፍ ያለው ወጣት መምህር ይሻላል። ሁለቱን በዋናና በረዳት አማካሪነት ማጣመር ከቻላችሁ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከመምረጣችሁ በፊት ከእነሱ ጋር የጨረሱ ተማሪዎችን ጠይቁ፤ «ረቂቅ ስትሰጡ በስንት ጊዜ ይመልሳሉ?» የምትለዋ ጥያቄ ብቻ በቂ ናት። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ተዋወቁት። የትኛው ዕቃ እንደሚሠራ፣ የትኛው ለጌጥ እንደቆመ የሚያውቀው እሱ ነው።

4. የፕሮፖዛሉን ሰሌዳ በግዥው ፍጥነት ጻፉት

የፕሮፖዛል የጊዜ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ተማሪው በሚመኘው ፍጥነት ይጻፋል። የሚገዛ ኬሚካል ካለ ግን ጊዜያችሁን የሚወስነው ግዥ ነው፤ ጨረታ፣ ፎርም፣ ፊርማ፣ ከውጭ የሚመጣ ከሆነም ምንዛሪ። ስለዚህ ዘዴያችሁን ስትመርጡ አዳማ ገበያ ላይ ከሚገኝ ዕቃ ጀምሩ። ኮስቲክ ሶዳ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ አለ (ንጽህናው የላቦራቶሪ ደረጃ ባይሆንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመምጠጥ ይበቃል)። የመስታወት ጠርሙስ፣ የጎማ ክዳን፣ ቱቦ፣ ሲሪንጅ ይገኛል። ከባዱን መሣሪያ፣ ማለትም የካርቦንና የናይትሮጅን ትንተናውን፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉን (የጋዝ ድብልቅን ለይቶ የሚለካውን)፣ ለጥቂት የተመረጡ ናሙናዎች ብቻ አስቀሩትና አዲስ አበባ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ልካችሁ አሠሩት። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ወስዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል።

ሌላው ሰሌዳ የፋብሪካው ነው። ስኳር ፋብሪካ በክረምት ለጥገና ይቆማል። ፕሮፖዛሉ በግንቦት ጸድቆ የባጋስ ናሙና በሐምሌ ልሰብስብ ያለ ተማሪ የሚያገኘው ወራት ያደረ፣ መፍላት የጀመረ ክምር ነው። እሱ ደግሞ ከመፍጫው በቀጥታ ከወጣው ጋር አንድ ዕቃ አይደለም። የትብብር ደብዳቤውን ፋብሪካው ሥራ ላይ እያለ አስገቡ።

የርዕስ ምርጫን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። በ2007 እ.ኤ.አ. የባዮፊውል ስትራቴጂው ከወጣ ወዲህ የጃትሮፋ፣ የጉሎና ያገለገለ ዘይት ባዮዲዝል ቴሲስ መደርደሪያ ሞልቷል። አብዛኛው ዘይቱን፣ ሜታኖሉንና ሙቀቱን ሪስፖንስ ሰርፌስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ዘዴ አሻሽሎ፣ «ምርጡ ነጥብ ይህ ነው» ብሎ ያበቃል። ዘይቱ ከየት በምን ዋጋ እንደሚመጣ ግን አይነግረንም። ይህን ርዕስ አትንኩ አልልም፤ ከነካችሁት የአቅርቦቱን ጥያቄ ምዕራፍ አንድ አድርጉት።

5. ናሙና አሰባሰብ

ማድለቢያ ስትሄዱ ደብዳቤውን ከማውጣታችሁ በፊት ሰላምታውን አስቀድሙ። የአካባቢው ሰው ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ቋንቋውን የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠይቅ ካላችሁም በትክክል አስተርጉሙት። ባለቤቱን «ጋሼ» ብላችሁ፣ ከየትኛው ትምህርት ክፍል እንደመጣችሁ፣ ምን ያህል እንደምትወስዱ፣ ውጤቱንም መጥታችሁ እንደምትነግሯቸው ንገሯቸው። ከዚያ መጥታችሁ ንገሯቸው። ብዙ ተማሪ የሚያቋርጠው እዚህ ነው፤ የሚቀጥለው ተማሪ በሩ የሚዘጋበትም በዚሁ ምክንያት ነው። እረኛውንና እበት የሚጠርገውን ሠራተኛም አትለፉት፤ በቀን ስንት ጋሪ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ቴክኒኩ ላይ ስንመጣ ትልቁ ጠላት አፈር ነው። ከሜዳ ላይ በአካፋ የተጠረገ እበት አሸዋ ይዞ ይመጣል። አሸዋው አመድን ከፍ ያደርጋል፣ ጠጣሩን ያበዛል፣ ጋዝ ግን አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ውጤታችሁን በጠቅላላ ጠጣር ሳይሆን በተናኝ ጠጣር (ሲቃጠል በሚጠፋው ክፍል) ግራም ግለጹት። ሁለት ዓይነት ናሙና ውሰዱ፤ አንዱ ከከብቱ ሥር ንጹሕ የሆነ፣ ሁለተኛው ሠራተኛው እንደሚጠርገው ያለ። የመጀመሪያው የከብቱን፣ ሁለተኛው የማድለቢያውን ዕድል ይነግራችኋል። ማብላያው ውስጥ የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ አሸዋውም ታች ተከማችቶ ማብላያውን የሚደፍነው እሱው ነው።

ከአንድ ቦታ አንድ ከረጢት አትሙሉ። ከክምሩ ከተለያየ ጎንና ጥልቀት ትንሽ ትንሽ ወስዳችሁ ቀላቅሉ፤ የተቀላቀለውን አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ተቃራኒ ጥሉ፣ እስኪያንስ ድገሙ። በተለያየ ቀንም ተመለሱ፤ መኖ ሲቀየር እበቱም ይቀየራል። ከረጢቱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና መኖው ይጻፍበት። እርጥበቱን የዚያኑ ቀን ለኩ፤ የቀረውን ለአጭር ጊዜ ፍሪጅ፣ ለረዥም ጊዜ ፍሪዘር።

6. ላቦራቶሪ

መጀመሪያ መሠረታዊዎቹ። እርጥበት በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ እስኪረጋ ይደርቃል፤ ተናኝ ጠጣር ደግሞ በ550 ዲግሪ ተቃጥሎ ከጎደለው ይሰላል። ክሩሲብሉን ባዶውን ማቃጠልና በዴሲኬተር ማቀዝቀዝ አትዝለሉ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ሥሩ።

ርዕሳችሁ ማቃጠል ወይም ብሪኬት ከሆነ የቦምብ ካሎሪሜትሩ (የማገዶን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ) ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ከመፍጫ የወጣ ባጋስ ግማሹ ውሃ ነው፤ ደረቁ በኪሎ ከ17 ሜጋ ጁል በላይ የሚሰጥ ሲሆን በ50 በመቶ እርጥበቱ ሲነድ የሚገኘው የተጣራ ሙቀት ወደ 7.5 ሜጋ ጁል ይወርዳል። «ካሎሪ 17» ብሎ ያቀረበ ተማሪ ፊት ለፊቱ የቦይለር ኦፕሬተር ቢቀመጥ ይስቅበታል። ሁልጊዜ በእርጥቡ ነው ወይስ በደረቁ፣ ጠቅላላው ነው ወይስ የተጣራው፣ ጻፉ።

አሁን ወደ ባዮጋዝ ሙከራ፣ የሚቴን አቅም ወደሚለካበት። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ልዘርዝር።

መነሻ ባክቴሪያውን እየሠራ ካለ ማብላያ አምጡ፤ የገበሬ ቤት ይሁን የተቋም፣ ጋዙ በትክክል የሚነድ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ። ወንፊት አሳልፉት። ከዚያ በ35 ወይም በ37 ዲግሪ ምንም ሳትመግቡት ከ5 እስከ 7 ቀን አቆዩት፣ የራሱን ትርፍ ምግብ ይጨርስ።

ጠርሙስ ስትሞሉ የመነሻው ተናኝ ጠጣር ከናሙናው ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። ለምሳሌ መነሻው 2 በመቶ ተናኝ ጠጣር ካለው 300 ግራም ውስጥ 6 ግራም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከናሙናው 3 ግራም ተናኝ ጠጣር ይገባል። እበቱ 12 በመቶ ከሆነ 25 ግራም እበት። በ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ እስከ 400 ሚሊ ሊትር በውሃ ሙሉትና ክፍት ቦታውን በናይትሮጅን ንፉት።

ሦስት ዓይነት ጠርሙስ የግድ ነው። መነሻው ብቻ ያለበት ባዶ፤ ናሙናው ያለበት፤ ንጹሕ ሴሉሎስ ያለበት። የባዶው ጋዝ ከሌሎቹ ላይ ይቀነሳል። ሴሉሎሱ ደግሞ የመላው ሙከራችሁ ፈታኝ ነው። በቲዎሪ ከአንድ ግራም ሴሉሎስ 415 ሚሊ ሊትር ሚቴን ይወጣል፤ በተግባር ከ340 እስከ 395 ካገኛችሁ መነሻውም ልኬታችሁም ጤነኛ ናቸው። 210 ካገኛችሁ ናሙናችሁን ከመውቀስ በፊት ጋዝ የሚያመልጥበትን ክዳን ፈልጉ። ሴሉሎስ የሌለበት የሚቴን ሙከራ ጥሩ መጽሔት ላይ ገምጋሚ እጅ ሲገባ ቶሎ ይመለሳል።

ጋዙን በውሃ መፈናቀል የምትለኩ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃው ውስጥ እንደሚሟሟ አስታውሱ። ወይ ውሃውን አሲዳማና ጨዋማ አድርጉት፣ ወይ ደግሞ ጋዙን መጀመሪያ በ3 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ አሳልፋችሁ የቀረውን ሚቴን ብቻ ለኩ። ሁለተኛው ለማስተርስ ቴሲስ ይመቻል፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ሳትጠብቁ የሚቴን ቁጥር ይሰጣችኋል። ሶዳው ሲደክም በቀለም የሚያሳይ አመልካች ጨምሩበት።

አዳማ ላይ በጣም የሚዘነጋው ማስተካከያ ግን የከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትበልጣለች፤ የአየሩ ግፊት ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ነው፣ በባሕር ዳርቻ ካለው 101.3 በጣም ያነሰ። ጋዝ ደግሞ ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል። በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ያነበባችሁት እርጥብ ጋዝ ወደ 0 ዲግሪና 101.3 ኪሎ ፓስካል ሲመለስ እንዲህ ይሰላል፦ ከ83 ላይ የውሃ እንፋሎቱን 3.17 ቀንሱ፣ ለ101.3 አካፍሉ፣ በ273 አባዙና ለ298 አካፍሉ። 72 ሚሊ ሊትር ይቀራል። ይህን ያልሠራ ተማሪ ሚቴኑን በ40 በመቶ ገደማ አግንኖ ነው የሚያትመው። እና «የአዳማ እበት ከአውሮፓው ይበልጣል» የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጥመድ፦ ግፊቱን ከስልካችሁ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አትውሰዱ። እሱ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለውን፣ 1,015 ሄክቶ ፓስካል ገደማ የሆነውን ነው። ባሮሜትር ፈልጉ፤ ስልካችሁ የራሱ የግፊት ዳሳሽ ካለው ደግሞ የዳሳሹን ጥሬ ንባብ አውጡ።

መብራት ይጠፋል። ጠርሙሶቹን ውሃ በሞላ ትልቅ ባልዲ ወይም ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጣችኋቸው ውሃው ቶሎ አይቀዘቅዝም። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት፣ የደረሰበትንም ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቡ፤ ቴሲሱ ውስጥም አትደብቁት።

ሰዓት ካነሳን፣ መዝገባችሁ ውስጥ አንድ ሰዓትና አንድ ዘመን አቆጣጠር ብቻ ይኑር። ቴክኒሻኑ «3 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ የጠዋቱን ሦስት ማለቱ ነው፤ የሙቀት መዝጋቢው መሣሪያ ግን ያንኑ 9:00 ይለዋል። ሁለቱ አንድ ኤክሴል ውስጥ ሲገቡ የስድስት ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል፣ የጋዝ ፍጥነቱም ይዛባል። መስከረም 1 እና ሴፕቴምበር 1 ሲቀላቀሉ ደግሞ የባሰ ነው። በአንዱ ተስማሙ፣ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ሙከራው የሚቆመው የቀኑ ሚቴን እስከዚያ ከተጠራቀመው ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ሦስት ቀን ሲከታተል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። የዲፌንሱ ቀን ቀረበ ብላችሁ በ15ኛው ቀን አታቁሙት።

7. ደህንነት

ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ ጋዙ ባለበት ክፍል ክብሪት፣ ሲጋራ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አይኑር፣ መስኮትም ይከፈት። የታሸገ ጠርሙስ ጋዙ በየጊዜው ካልተለቀቀ ይሰነጠቃል፤ መነጽር አድርጉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ወደ ማብላያ ጉድጓድ ብቻችሁን አትውረዱ፤ አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው የሚሞትበት አደጋ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው። ደረቅ ባጋስ ስታገላብጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የሻገተው አቧራ ሳንባ ይጎዳል። የቲታነስ ክትባትም ውሰዱ፤ ከእበት ጋር ነው የምትውሉት።

8. መጻፍና ማሳተም

ቴሲሱን መጻፍ እስከ መጨረሻ አታቆዩት። የዘዴውን ክፍል ሙከራው እየሄደ ጻፉ፤ ያኔ ነው ጠርሙሱ ስንት ጊዜ በቀን እንደተነቀነቀ የምታስታውሱት። ውጤቱን ስታቀርቡ አማካዩን ከልዩነቱ ጋር አስቀምጡ። ሦስት ጠርሙስ ለክታችሁ «247.38 ሚሊ ሊትር» ብላችሁ አትጻፉ፤ ሚዛናችሁም ሲሪንጃችሁም ያን ያህል አያውቁም። 247 ይበቃል፣ ምናልባትም 250።

ጽሑፎችን ለማንበብ ገንዘብ አትክፈሉ። የኢትዮጵያ ተቋማት ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም ብዙ መጽሔቶችን በነጻ ያገኛሉ፤ የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት የመግቢያ ቃሉን ጠይቁ። ለማሳተምም ቢሆን በርካታ ትልልቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ መጽሔቶቻቸው ላይ ኢትዮጵያን ከመሰሉ አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያ ይተዋሉ። ስለዚህ «ጽሑፍዎ በሦስት ቀን ይታተማል፣ 100 ዶላር ብቻ» የሚል ኢሜይል ሲመጣላችሁ ሰርዙት። እዚያ የወጣ ጽሑፍ በሲቪያችሁ ላይ ካለመኖሩ መኖሩ ይጎዳል።

የስም ቅደም ተከተሉን ረቂቁ ከመላኩ በፊት ከአማካሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩና በኢሜይል አስፍሩት። ነገሩ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ ከላኩ በኋላ ሲነሳ ግን ያጣላል። ጥሬ መረጃችሁን ከላፕቶፕ ውጪ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

9. ከዲግሪው በኋላ፦ አገር ውስጥ

ሥራ ያለው «ባዮኢነርጂ» በሚል ማስታወቂያ አይደለም። ስኳር ፋብሪካዎች የቦይለርና የኃይል ማመንጫ መሐንዲስ ይፈልጋሉ። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰሉን በከፊል በተረፈ ምርት መተካት ይፈልጋሉ፤ እዚያ የእርጥበትና የካሎሪ ልኬት የምታውቁ ከሆነ ተፈላጊ ናችሁ። አዲስ አበባ ረጲ ያለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተመረቀው 25 ሜጋ ዋት የቆሻሻ ማመንጫ አለ። ፋብሪካዎች የኃይል ብክነታቸውን የሚያጠናላቸው ሰው ይሻሉ፤ ይህ የኢነርጂ ኦዲት ሥራ ደግሞ ከአዳማ ሳትወጡ የሚሠራ ነው። ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የክልል ኢነርጂ ቢሮዎችም አሉ።

ሰፊ ክፍተት የማየው በቤት ባዮጋዝ ላይ ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ለመገንባት አቅዶ ከ8 ሺህ ጥቂት የዘለለ ገንብቷል። ከዚያም በኋላ ግንባታው ቀጥሏል። ሥራ ያቆመውን ማብላያ ለምን አቆመ ብሎ ቫልቩን፣ ቱቦውን፣ የውሃ አቅርቦቱን፣ የላሟን ቁጥር ቤት ለቤት የሚመረምር መሐንዲስ ግን ጥቂት ነው። ደመቅ ያለ ርዕስ አይመስልም። ለጋሾችና ፕሮጀክቶች የሚከፍሉት ግን ለዚህ ዓይነት መረጃ ነው።

10. ከዲግሪው በኋላ፦ ሦስተኛ ዲግሪ

ውጭ አገር ለዶክትሬት ስታመለክቱ በአውሮፓ ብዙ ቦታ ዶክትሬት ደመወዝ ያለው ሥራ መሆኑን እወቁ፤ እንደ ሥራም ይወዳደሩበታል። የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፋቸው የማሪ ኩሪ ዶክትሬት ኔትወርኮች ማስታወቂያ ዩራክሴስ (EURAXESS) በሚባለው መድረክ ላይ ይወጣል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዶክትሬት የሌላችሁ፣ ካለፉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖራችሁ መሆን አለባችሁ። ከአዳማ ለሚያመለክት ሰው ይህ ሁለተኛው ደንብ ዕድል ነው። የጀርመኑ የትምህርት ዕድል ሰጪ ድርጅት ዳድ (DAAD) የሚያወጣውም በየዓመቱ ይፈለግ። ሁለተኛ ዲግሪ ገና ያልጀመራችሁ ከሆነ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ትምህርት ዕድል የሆነው የኢራስመስ ሙንደስ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ክፍት ነው፤ የአፍሪካ ኅብረቱ ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ በአልጄሪያ ትሌምሰን የውሃና ኢነርጂ ተቋም አለው።

ለፕሮፌሰር የሚጻፍ ኢሜይል ከአንድ ስክሪን አይለፍ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለታዳሽ ኃይል ፍቅር አለኝ» የሚለው ይውጣ። በምትኩ ከእሱ ጽሑፎች አንዱን አንብባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከዚያ የራሳችሁን ውጤት በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ከማድለቢያ የተጠረገ እበት በተናኝ ጠጣር ግራም ይህን ያህል ሚቴን ሰጠ፣ ሴሉሎሱ ይህን ያህል፣ ግፊቱ ተስተካክሏል። የዘርፉ ሰው ይህችን ሲያነብ ልኬት የምታውቁ ሰው እንደሆናችሁ ይገባዋል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት። የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ መምህራን የሠራችሁትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ጊዜም ስጧቸው።

ወረቀቶቹን ቀድማችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያ ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተከፈለ ኦሪጅናል ማስረጃና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ቀሪያችሁን እወቁ። የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫ ብዙ መስኮት ያዞራል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከቋንቋ ፈተና ይልቅ «ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምሯል» የሚል ደብዳቤ ስለሚቀበሉ፣ ለፈተና ከመክፈላችሁ በፊት ያን ደብዳቤ ከሬጅስትራር ጠይቁና ለምታመለክቱበት ቦታ ይበቃ እንደሆነ ጽፋችሁ አረጋግጡ።

በመምህርነት ተቀጥራችሁ የሚያስተምራችሁ ዩኒቨርሲቲያችሁ ከሆነ ደግሞ የፈረማችሁትን ውል አውጥታችሁ አንብቡት። ስንት ዓመት እንደምታገለግሉ፣ ለሚቀጥለው ትምህርት ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ዋስ የሆነላችሁ ሰው ምን እንደፈረመ እዚያ ላይ አለ። ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት ከትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋር ተቀመጡ፤ ዋሳችሁንም በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩት።